ሞተራችሁን እንሰት ላይ አታስደግፉ

ስለ ማዳበሪያና ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ብዙ ተወያይተናል። ዛሬ ወጣ ልበልና ስለ ሞተር ላውራ። "የግብርና ገጽ ስለ ሞተር ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! ማዳበሪያውን ከማኅበሩ መጋዘን እቤት የሚያደርሰው ማን ሆነና? ድንቹን ከዶዮገና ተዳፋት ወደ ገበያ የሚያወርደው፣ አምቡላንስ በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛትን እናት ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ይኸው ሞተር ነው። ብዙ ቤት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ ወይም ወንድም በላከው ብር የተገዛ ነው። ከበሬው ቀጥሎ ትልቁ የቤቱ ንብረት እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ለበሬው ጋጣ እንሠራለን። ለሞተሩስ? ግድግዳ፣ አጥር ወይም የእንሰት ግንድ ላይ ደገፍ አድርገን እንተወዋለን።

ቆሞ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ችግሩ እዚያው ላይ እንዳለ ልንጠግነው ስንነሳ ነው። ጎማ ሲተነፍስ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይፈታል፣ ልጆች ከበው ያያሉ። ያዥው ሲደክመው ሞተሩ ይጋደማል። ቦክሰር ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ አንድ ኩንታል ስንዴ ማለት ነው። አንድ ኩንታል ስንዴ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም። ከዚያ ላይ የጋለውን ማርሚታ ጨምሩበት።

አንዳንዱ ደግሞ "በጎኑ ላስተኛውና ልሥራው" ይላል። ሲተኛ ቤንዚኑ በታንከሩ ክዳንና በካርቡራተሩ በኩል ይንጠባጠባል። ባትሪው የአሲድ ከሆነ አሲዱ ይፈሳል፤ ዘይቱም ወደ አየር ማጣሪያው ሊሄድ ይችላል። በእኛ አካባቢ ሞተር ማታ ማታ ሌባ ፈርተን እቤት ውስጥ የምናስገባው፣ እሳት ያለበት ምድጃ አጠገብ የምናቆመው ነገር መሆኑን አትርሱ። የቤንዚን ትነት ዓይን አያየውም፤ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል።

እኔ የምለው ይኼ ነው፦ ቁልፍና ፒንሳ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ ቀጥ ብሎ የሚቆምበትን ነገር አዘጋጁ።

ለምን መሰላችሁ? ከሁሉ በላይ በካቴናው ምክንያት ነው። የእኛ መንገድ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ነው። ቀዩ ጭቃ ከቅባቱ ጋር ሲቀላቀል ልክ እንደ ሞረድ ሆኖ ካቴናውንም ጥርሱንም ይበላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ መጥረግ፣ ዘይት ማጠጣት፣ ልሉን ማስተካከል። ግን ይህን ለመሥራት የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በእጅ መዞር አለበት። ጎማው መሬት ላይ ካለ ሰው የሚታየውን ጫፍ ብቻ ጠርጎ ይተወዋል፤ ልሉንም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለክቶ ያጠብቃል። ካቴና ደግሞ እኩል አያልቅም። ላላ ባለበት ቦታ ለክታችሁ ካጠበቃችሁት፣ ጠበቅ ያለው ቦታ ሲደርስ ከመጠን በላይ ይወጠራል፤ ኩሽኔታውን ይጎዳል ወይም ይበጠሳል። ጎማውን እያዞራችሁ ሦስት አራት ቦታ ለኩ፣ በጣም በጠበቀበት ቦታ አስተካክሉ። ልኩ በአብዛኛው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ የየሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልናገር። ኢንጅኑን አስነሥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ በሚሽከረከር ካቴና ላይ ጨርቅ መያዝ ጣት ያስቆርጣል። ጨርቁን ጥርሱ ይይዘዋል፣ ጨርቁ ጣትን ይዞ ይገባል። ኢንጅኑን አጥፉ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ልጆች አጠገብ ስላሉ ነው ቁልፉን ያልኩት።

ወደ መቆሚያው ልምጣ። እንደ ቦክሰር ያሉት አብዛኞቹ ሞተሮች ከጎን መቆሚያው ሌላ ባለ ሁለት እግር የመሃል መቆሚያ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዳንዱ ሰው "ድንጋይ ይመታብኛል፣ ይከብዳል" ብሎ ያስፈታዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚከብዳቸው በጉልበት ስለሚጎትቱት ነው። በግራ በኩል ቁሙ፤ ግራ እጅ መሪው ላይ፣ ቀኝ እጅ ከመቀመጫው ኋላ ያለው ብረት ላይ ይሁን። የመቆሚያውን መርገጫ በቀኝ እግር ተጭናችሁ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መንካታቸውን እዩ። ከዚያ ሙሉ ክብደታችሁን መርገጫው ላይ ጣሉት፤ እጅ የሚያግዘው ትንሽ ብቻ ነው፣ ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ይወጣል።

የሐዲያና የከምባታ ደጃፍ ግን ሣር ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል፣ ለሞተር ግን አይሆንም። ዝናብ ከጣለ የመቆሚያው አንድ እግር ይሰምጥና ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዘማል። ስለዚህ ከሥሩ ሰፋ ያለ ጣውላ አንጥፉ። ቤታችሁ ተዳፋት ላይ ከሆነ፣ በአምበሪቾ ግርጌ እንዳሉት ቤቶች፣ አንድ የሞተር ቁመት የሚያህል ቦታ በአካፋ ደልድሉ። እርከን ለሚሠራ ሰው ይኼ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የመሃል መቆሚያ ለሌለው ሞተር ባላ አለላችሁ። ሞተሩን በጎን መቆሚያው ላይ ጋደል ስታደርጉት የኋላው ጎማ ይነሣል፤ ያኔ ሁለተኛው ሰው በተቃራኒው በኩል፣ የኋላ ጎማውን በያዘው ብረት ሥር፣ ጠንካራ ባላ ያስገባል። ለካቴና ይበቃል። ጎማ ለመፍታት ግን በባላ አትመኑ። በነገራችን ላይ፣ በየግብርና ጽሕፈት ቤቱ የምታዩት የያማሃ "ኤጂ" ስሙን ያገኘው ከእርሻ ነው፤ ኤጂ 200 የሚባለው በግራም በቀኝም የጎን መቆሚያ አለው። ፋብሪካው ተዳፋትና ለስላሳ መሬት ላይ የሚሠራ ገበሬ መኖሩን አስቦበታል ማለት ነው።

የፊት ጎማ ሲፈታ ነገሩ ይለያል። የመሃል መቆሚያው ላይ እያለ የፊቱ ጎማ ከወጣ ሞተሩ ወደ ፊት ይደፋል። ለዚህ ኢንጅኑ ሥር የሚገባ የእንጨት ሣጥን ያስፈልጋል። በደረቀ ባህር ዛፍ ይሠራል፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይሸሽና ሚስማሩ ይላላል። ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቁመቱን ከራሳችሁ ሞተር ለኩ፦ የመሃል መቆሚያው ላይ አቁሙት፣ የፊት ጎማው ትንሽ ከመሬት ሲነሣ ከመሬት እስከ ፍሬሙ ሥር ያለውን ያዙ። ከላዩ ያረጀ ጎማ ቆርጣችሁ ምቱበት፤ የሚስማሩ ራስ ግን እንዳይወጣ። ክብደቱ ፍሬሙ ላይ ይረፍ፤ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎንና ማርሚታው ላይ እንዳይሆን። ብሎኬት የምታስገቡ ሰዎች ደግሞ እባካችሁ ተዉ፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም።

የፊት ፍሬኑን መያዣ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ እሰሩት። የኋላ ሥራ ስትሠሩ ሞተሩ ወደ ፊት ተንሸራቶ ከመቆሚያው እንዳይወርድ ይይዘዋል። ጠባብ ጠባብ አድርጎ የተቆረጠ ላስቲክ የሌለበት ቤት የለም፤ አህያ ስንጭን የምንጠቀምበት ነው።

"ሆሳዕና ሜካኒክ እያለ ምን አደከመን?" ለሚሉ፦ ሜካኒኩ ይኑር፣ ለኢንጅን ሥራ ወደ እሱ ነው የምንሄደው። ግን ካቴና ለማስጠበቅ ቤንዚን አቃጥሎ ከተማ መግባት፣ ግማሽ ቀን ወረፋ መጠበቅ፣ ያውም በዘር ሰሞን፣ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩ ሲወጣ ካቴናውም አብሮ ነው የሚወጣው።

ለእኛ ለባለሙያዎችም የምለው አለኝ። በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። በመስመር መዝራት እናሳያለን፣ ኮምፖስት እናሳያለን። አንድ የእንጨት ሣጥን፣ ሁለት ጣውላና አንድ የቁልፍ ስብስብ እዚያ ቢቀመጥ፣ ወጣቶቹ በስብሰባ ቀን እየመጡ ካቴናቸውን ቢያዩ፣ ከቀበሌው በጀት ስንት ይወስዳል? የብየዳ ቤት ጓደኛ ያለው ደግሞ የኋላ ጎማ ማንሻ ከቱቦ ብረት ያሠራ፤ ወርዱን ከሞተሩ ለክታችሁ ሂዱ፣ በግምት አታሠሩ። ዝናቡ ሳይጠና ቢሆን ይሻላል፤ ጭቃ ከገባ በኋላ የሚላላው ካቴና ብዙ ነው፣ በያጁም ያኔ በሥራ ይያዛል።