አድራሻችንን ለአደባባይ የሰጠው ማነው?



አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች የተመራቂዎችን ስም ከነኢሜይል አድራሻቸው ድረ ገጽ ላይ ሲያወጡ «ቀጣሪ እንዲያገኛችሁ ብለን ነው» ይላሉ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ዝርዝሩን ከቀጣሪው ቀድሞ የሚያነበው ለቃሚ ፕሮግራም መሆኑን የዘነጉት ይመስላል። ይኸው ፕሮግራም ሳይታክት ከገጽ ወደ ገጽ ይዞራል፤ «አት» የምንላትን ክብ ምልክት ባገኘ ቁጥር ከግራና ከቀኝዋ ያለውን አንሥቶ ያከማቻል። ክምችቱም ይሸጣል። ከዚያ ወዲያ ገጹ ቢሰረዝ ምን ይጠቅማል?

ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የአንድ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ሰው የነበረው ጌሪ ተርክ ለ400 ያህል ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ ሲልክ፣ አድራሻቸውን ያገኘው ከታተመ የተጠቃሚዎች መዝገብ ነበር። በ1994 ደግሞ ሁለት የአሪዞና ጠበቆች በሺሕ የሚቈጠሩ የውይይት መድረኮችን በማስታወቂያ አጥለቀለቁ። ጉዳዩ ምን ነበር ቢሉ፣ የግሪን ካርድ ሎተሪ! እኛ ዲቪ የምንለው መሆኑ ነው።

እንግዲህ ነፃ የትምህርት ዕድል በመጠባበቅ ላይ ያለ ተማሪ «ተቀባይነት አግኝተሃል፤ የማመልከቻውን ገንዘብ ቶሎ ላክ» የሚል ደብዳቤ፣ ያውም ስሙንና የትምህርት ክፍሉን ጠቅሶ ሲደርሰው እንዴት አይመን? ይህን ሁሉ ለአታላዩ ያቀበለው የገዛ ትምህርት ክፍሉ ነው።

«አድራሻውን በፎቶግራፍ መልክ እናውጣው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ለቃሚው ሳያነበው ቢቀር እንኳ፣ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም የሚጠቀመው ዐይነ ስውር ወንድማችንም አይሰማውም። ለሌባ ተብሎ በቤተ ሰብ ላይ በር መቸንከር ምን የሚሉት ጥበብ ነው? ምልክቷን ትቶ «አት» ብሎ በፊደል መጻፍም ሰነፉን ለቃሚ ያታልል እንደሆነ እንጂ ነቃ ያለውን አያግደውም።

በእኔ በኩል የተማሪ አድራሻ ከነጭራሹ በግልጽ ገጽ ላይ መውጣት የለበትም እላለሁ። ቀጣሪው በመልእክት ቅጽ ለትምህርት ክፍሉ ይጻፍ፤ ጽሕፈት ቤቱም ለተማሪው ያስተላልፍ። ሥራ በዛብን ይሉ ይሆናል። ይብዛባቸው! ለምዝገባ የሰጠነውን ለዓለም እንዲያድሉት መቼ ፈቀድን? የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. መውጣቱን ማኅበራችን ያስታውሳቸው፤ እስከ አሁን የወጡት ዝርዝሮችም እንዲነሡ በሚመጣው ስብሰባ ተወስኖ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ።