ሽጉጡ የት ያድራል?

ለ፦ በአርሲ ነገሌና በአካባቢዋ ከተሞች በቅርቡ ሽጉጥ ለያዙ አባወራዎች
ግልባጭ፦ ለፖሊስና ለአገር ሽማግሌዎች
ጉዳዩ፦ ከመታጠቅ ስለሚቀድሙ ነገሮች

ይህ ደብዳቤ መታጠቅ ልክ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለመከራከር አልተጻፈም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት ሻሸመኔ፣ ባቱና አርሲ ነገሌ ውስጥ ንብረት ሲወድም ያየ ነጋዴ፣ ቤቱን የሚጠብቅበት ነገር ቢፈልግ የሚፈርድበት የለም። ስንዴና በቆሎ ጭኖ በሌሊት መንገድ የሚመላለስ ሰውም ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ልመናው ሌላ ነው፤ ሽጉጡ ቤት ከገባ በኋላ ስላለው የመጀመሪያ ሳምንት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ብቻ ሳይሆን መሸጥን፣ ማዘዋወርንና መጠገንንም ከልክሏል። ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት ወረቀቱ ይቀድማል። በድብቅ የሚገዛ ሽጉጥ በማን እጅ አልፎ፣ በምን ጉዳይ ተተኩሶ እንደመጣ አይታወቅም። ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩ የቱርክ ሽጉጦች ተሞርደው እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ ሲደረጉ ደግሞ፣ ለዚያ ጉልበት ያልተሠራው ብረት ተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ፈቃዱ በተገኘበት ዕለት ብዙ ጊዜ ወዳጅ ይሰበሰባል፣ ሽጉጡ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጥያቄው የታወቀ ነው። የየት አገር ሥራ ነው? ስንት ይጎርሳል? ስንት ወጣበት? ማታ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ምናልባት መልሱ ስለሚታወቅ ይሆናል፤ ትራስ ሥር፣ ፍራሽ መሐል፣ ቁም ሣጥን ላይ በተሰቀለ ሻንጣ ውስጥ፣ ወይም በኮመዲኖው መሳቢያ።

መሳቢያውን በተመለከተ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ጥናት የተካሄደው አትላንታ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን 64 ወንዶች ልጆች በ29 ቡድን ከፋፈሏቸው። እያንዳንዱን ቡድን መሳቢያ ባለበት ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ለብቻው ተዉት። ከመሳቢያዎቹ በአንዱ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጉጥ ተቀምጧል፤ ትልልቆቹ ከመስታወት ጀርባ ሆነው ያያሉ። 21 ቡድኖች ሽጉጡን አገኙት። 16ቱ አንስተው ያዙት። በ10ሩ ቡድን ውስጥ ደግሞ ቢያንስ አንድ ልጅ ቃታውን ሳበ። መሣሪያውን ከነካኩት ልጆች ከ90 ከመቶ የሚበልጡት ስለ መሣሪያ አደጋ ቀድሞ የተመከሩ ነበሩ።

«ልጆቼን አስጠንቅቄያቸዋለሁ፣ አይነኩትም» የሚል አባት የተማመነበት ነገር ይኸው ነው። ልጆቹ አባታቸውን ስለናቁ አይደለም ያንን መሳቢያ የሚከፍቱት። ልጅ ስለሆኑ ነው።

እንግዲህ አዲስ ባለ ሽጉጥ ከሁሉ በፊት ሊገዛው የሚገባ ዕቃ ካለ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ነው። ከውጭ አገር ማስመጣት አያስፈልግም፤ ብየዳ ቤት ከነገሌ አይጠፋም። ከወፍራም ላሜራ የተበየደ፣ ማጠፊያው በውስጥ በኩል የተደበቀ፣ ከኋላ በተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች ከግድግዳ ወይም ከአልጋው ብረት ጋር በብሎን የሚታሰር ትንሽ ሳጥን ማንኛውም ደህና በያጅ ይሠራዋል። ካልታሰረ ሌባ ከነሳጥኑ ይዞት ይሄዳል። ጥይቱ ደግሞ በሌላ ቁልፍ፣ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው መሣሪያን መቆለፍ፣ ጥይቱን አውጥቶ ማስቀመጥ፣ ጥይቱን መቆለፍና ሁለቱን ለየብቻ ማኖር፣ እያንዳንዳቸው ልጆችና ወጣቶች በቤት መሣሪያ ከሚደርስባቸው ጉዳት መቀነስ ጋር የተያያዙ ናቸው። ቁልፉም የባለቤቱ ኪስ ነው ቦታው፤ በር ጀርባ ካለ ምስማር ላይ ከተንጠለጠለ ሳጥኑ አልተቆለፈም።

«ሌባ ቢገባ በምን ልድረስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አልጋው አጠገብ የታሰረን ሳጥን በጨለማ መክፈት የሚለማመዱት ነገር ነው፤ ጥቂት ምሽቶች ቢሞከር እጅ ራሱ ይለምደዋል። ሌባው ቢመጣ በዓመት አንድ ሌሊት ይመጣል። ልጁ ግን በየቀኑ እቤት ነው።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ አይፈልግም፤ ሽጉጡን ባዶ ማድረግን ማወቅ ነው። በአገራችን ስሙ የገነነውን ማካሮቭን እንውሰድ። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሶቭየት ጦር የታጠቀው ይህ ሽጉጥ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፤ የካዝናው መልቀቂያ ከእጀታው ግርጌ ነው። አባወራው ማታ ሲገባ ማንም ወደሌለበት ወፍራም ግድግዳ አፈሙዙን ያዞራል፣ ጣቱን ከቃታው ያርቃል። መልቀቂያውን ገፍቶ ካዝናውን ያወጣል። ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይስባል፤ የጎረሰ ጥይት ካለ ተፈናጥሮ ይወድቃል። ብረቱን ወደ ኋላ እንደያዘ ውስጡን በዓይኑ ያያል፤ ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣቱ ይዳስሳል። ሁለቱን ቦታ ያያል፣ ጥይት የሚጎርስበትንና ካዝናው የሚገባበትን። ሳጥን ውስጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉ ነፍስ ነው። ካዝናው ሳይወጣ ብረቱን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን አጉርሷል። ከዚያ ካዝናውን ያወጣና «ባዶ ነው» ይላል። ማካሮቭ ካዝናው ባይኖርም የጎረሰውን ጥይት ይተኩሳል። «ባዶ መስሎኝ ነበር» የሚለው ቃል በየፍርድ ቤቱ የሚሰማው በዚህች ስህተት ነው።

ባለቤቱ የገዛው ሽጉጥ ሴፍቲ የት እንዳለ፣ ጭራሽም መኖሩን ይወቅ። ማካሮቭ በግራ ጎኑ ያለችው ማንሻ ወደ ላይ ስትሆን ተዘግቷል፤ ወደ ታች ወርዳ ቀይ ነጥብ ከታየች ለመተኮስ ዝግጁ ነው። የሶቭየቱ ቶካሬቭ ግን እንዲህ ያለ የእጅ ሴፍቲ አልተሠራለትም። አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን እንደዚያው ልይዝ ቢል ይሳሳታል።

ሦስተኛው የሽጉጡ ማህደር ነው። ብዙ ሰው ሽጉጡን ሱሪው ውስጥ ሽጦ ወይም ኮቱ ኪስ ከትቶ መሄድ ይቀናዋል። በኖቬምበር 2008 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ጃይንትስ ዝነኛ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ፕላክሲኮ በረስ በአንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ያለ ማህደር የሻጠው ሽጉጥ ተንሸራተተበት፤ ሊይዘው ሲሞክር የገዛ ጭኑን መታው። በኒውዮርክ የመያዝ ፈቃድ ስላልነበረውም 2 ዓመት ተፈረደበት። የባሰው በዲሴምበር 30፣ 2014 በአይዳሆ ግዛት ሃይደን ከተማ የሆነው ነው። ፈቃድ የነበራት ወጣት እናት ገበያ ስትገዛ ሽጉጡ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ የ2 ዓመት ልጇ ቦርሳውን ከፍቶ አወጣውና ተኮሰባት፤ እዚያው ሞተች። ጥሩ ማህደር ቃታውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ሽጉጡን አጥብቆ ይይዛል፣ ከጠንካራ ቀበቶ ጋር ታስሮ ከሰውነት አይለይም። ጃኬት ወንበር ላይ ሲሰቀል ሽጉጡ አብሮ የማይሰቀለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ቀጥሎ ትምህርት አለ። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር መኮንን የነበረው ጄፍ ኩፐር ያስፋፋቸው አራት ሕጎች ዛሬ በየአገሩ ለጀማሪ ይነገራሉ። ማንኛውንም መሣሪያ እንደጎረሰ መቁጠር፤ መምታት ወደማይፈልጉት ነገር አፈሙዝ አለማዞር፤ ዒላማ ላይ እስኪያነጣጥሩ ጣትን ከቃታ ማራቅ፤ ዒላማውንና ከጀርባው ያለውን ማወቅ። አራተኛው ነገሌ ውስጥ ልዩ ክብደት አለው። የጭቃም ሆነ የቆርቆሮ ግድግዳ ጥይት አያቆምም፤ ከጀርባው የጎረቤት መኝታ ቤት አለ። ልምምዱም ላንጋኖ ዳር ወይም አብያታ ሻላ ፓርክ ውስጥ ሰው የለም ተብሎ የሚደረግ አይደለም። የት እንደሚፈቀድ ፖሊስን ጠይቆ፣ በሚያውቅ ሰው ፊት፣ ጆሮን ሸፍኖ ነው፤ የሽጉጥ ድምፅ አንዴ የጎዳው የመስማት ኃይል አይመለስም። ከተኩስ በኋላ መወልወያ ዘንግ፣ ጨርቅና ጥቂት ዘይት በቂ ናቸው። ውልወላውም የሚጀምረው መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከታየና ጥይቱ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ከተማዋ ገመና እንግባ። የነገሌ አረቄ ስሙ ከከተማዋ አልፎ ርቋል፤ ስንት እናት ልጆቿን ያሳደገችበት ሥራ ነው፣ ሊነቀፍ አይገባም። ዳግም አረቄ ግን የአልኮል መጠኑ ወደ 46 ከመቶ ይጠጋል። ሽጉጥ ታጥቆ መለኪያ የሚያነሳ ሰው ሁለት ነገር ይዟል፣ አንዱን እቤት መተው አለበት። ወገባቸው ላይ መሣሪያ እያለ ለጥሪ ወይም ለሠርግ የሚወጡ አባወራዎች ከመውጣታቸው በፊት ሳጥኑን ያስቡት። ለደስታ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይትም የሚወርድበትን ጣሪያ አይመርጥም።

ብዙ የማይነገር ነገርም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በካሊፎርኒያ 26 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎችን ከ2004 እስከ 2016 ተከታትሎ ነበር። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ወደ 8 እጥፍ፣ ሴቶቹ ደግሞ ወደ 35 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዕዳ የከበደው፣ ሐዘን የገባው፣ እንቅልፍ የራቀው አባወራ ቁልፉን ለሚያምነው ወንድሙ ወይም ለአማቹ ለጊዜው ቢሰጥ ወንድነቱ አይጎድልም። ሚስቱም «ይውጣልኝ» ካለች ትሰማ።

በስህተት የተተኮሰ ጥይት የሚያስከትለው ዕዳ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። ከፍርድ ቤቱ ውጭ ደግሞ ጉማ አለ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሰው በስህተት ቢሞትም ደም ደም ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሣው ተቆርጦ፣ ወገን አዋጥቶ ነው የሚታረቁት። ሽጉጡን ሲገዛ ያልተማከረ ዘመድ ካሣውን ሲከፍል ይጠራል። ዕዳው የጎሳው ከሆነ አስቀድሞ የመጠየቅ መብቱም የጎሳው ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሙግት ሳይመጣ ይጠይቁ። ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው ጠብ የሚያበርዱ እናቶችም ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ሥልጣን አላቸው፤ ቤቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፈቃድ የሚሰጥና የሚያድስ የፖሊስ ባልደረባ የመሣሪያውን ቁጥር ሲመዘግብ ሦስት ነገር ይጨምር። አመልካቹ ማስቀመጫ ሳጥኑን አሠርቶ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ሽጉጡን በፊቱ ባዶ እንዲያደርግ ይዘዘው፤ ቁልፉ ከማን ጋር እንደሚሆን ይስማ። ካዝናውን ሳያወጣ ብረቱን የሳበውን ሰው «ተምረህ ሳምንት ተመለስ» ማለት ለዚያ ሰውም ውለታ ነው።

አባወራዎቹ ግን ፖሊስም ሽማግሌም እስኪጠይቃቸው ባይጠብቁ ይመረጣል። ሽጉጡ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ጥይቱን ዛሬውኑ ለይተው ይቆልፉ፣ ነገ ጠዋት ልኩን ይዘው ብየዳ ቤት ይሂዱ።

ከአክብሮት ጋር