«ማያዎች ጠፉ» የሚባለው አነጋገር ይታረም





ባለፈው ዓመት በሥራ ምክንያት ወደ ሜክሲኮ ሄጄ በነበረበት ጊዜ ጥቂት የዕረፍት ቀን ስላገኘሁ፥ ከሜሪዳ ከተማ ተነሥቼ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተጓዝሁና ቺቼን ኢትዛ የተባለውን የጥንት የማያዎች ከተማ ፍርስራሽ ጐበኘሁ። በዚያ ከሁሉ ይልቅ ዐይንን የሚስበው 30 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ባለ ደረጃ የድንጋይ ሕንፃ ነው። በአራቱም ጎኑ 91፥ 91 ደረጃዎች አሉት፤ የላይኛው መድረክ ሲጨመርበት 365 ይሆናል፤ ይኸውም የዓመቱ ቀኖች ቍጥር ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢትና በመስከረም ወራት፥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሕንፃው ጥላ በሰሜኑ ደረጃ ጠርዝ ላይ የሚወርድ እባብ መስሎ ይታያል።

በዚህ ጥበብ ተደንቄ፥ በያዝሁት የጉዞ መጽሐፍ ያነበብሁትን ይዤ፥ «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ወዴት ጠፉ?» ብዬ አስጐብኚያችንን ጠየቅሁት። ሰውየውም ፈገግ ብሎ፥ «ጌታዬ፥ ዛሬ ጧት እናቴ ቁርሴን ስትሰጠኝ ያነጋገረችኝ በማያ ቋንቋ ነው» አለኝ። እጅግ አፈርሁ። ቀጥሎም የቦታውን ስም ተረጐመልኝ፤ «ቺ» አፍ፥ «ቼን» የውሃ ጕድጓድ፥ በጠቅላላው «በኢትዛዎች ጕድጓድ አፍ» ማለት ነው አለ።

ከተመለስሁ በኋላ ነገሩን መረመርሁ። በጓቴማላ እንዳለው እንደ ቲካል ያሉት የደቡብ ከተሞች በ9ኛው መቶ ዓመት ገደማ ባዶ መቅረታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከተማ ተለቀቀ ማለት ሕዝብ አለቀ ማለት አይደለም። የመጨረሻው ነፃ የማያ መንግሥት በእስፓኞች እጅ የወደቀው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1697 ነው። ዛሬም በጓቴማላ፥ በሜክሲኮና በቤሊዝ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ማያዎች ይኖራሉ። በ2020 በተደረገው የሜክሲኮ ሕዝብ ቈጠራ፥ የዩካታንን የማያ ቋንቋ የሚናገሩት ብቻ ከ700,000 በላይ ነበሩ።

በእውነት የጠፋ ነገር ቢኖር መጻሕፍታቸው ነው፤ እርሱም በራሱ አልጠፋም። በ1562 ዲዬጎ ደ ላንዳ የተባለ የእስፓኝ መነኵሴ ማኒ በተባለ ቦታ ሰብስቦ አቃጠላቸው። ከጥንቶቹ መጻሕፍት ዛሬ ተርፈው የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ በድሬስደን፥ በማድሪድና በፓሪስ፥ አንዱ በሜክሲኮ ይገኛሉ። «ጠፉ» የምትለው ቃል እንግዲህ ያጠፋውን ሰው ትሸፍናለች፤ ያለውን ባለቤት ደግሞ የለም ታሰኛለች። ባለቤት የለውም በተባለ ሀብት ላይ የማያዝበት የለም።

እኛም የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ የመጡ ሰዎች ሠሯቸው ሲባል ስንሰማ የምንቈጣ ነን። በራሳችን ሲደርስ የሚያስቈጣን ነገር በሌላው ላይ ሲደርስ ዝም ልንል አይገባም።

ስለዚህ መምህራንና ተርጓሚዎች ስለ ማያዎች ሲጽፉ «ነበሩ» ብለው እንዳያቆሙ፥ «አሉ»ም እንዲሉ አሳስባለሁ። ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛም የአገሩን ተወላጅ አስጐብኚ ይያዝ፤ ድንጋዩን አይቶ ሲጨርስም በበሩ ላይ ጥልፍ የምትሸጠውን ሴት ሰላም ሳይላት አይለፍ። የቤቱ ባለቤት እርሷ ናትና።


አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ