እስስት ምን አደረገችን?

የዛሬው አስተያየቴ ስለ እስስት ነው።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ አጥር ላይ ወይም እንሰት አጠገብ እስስት ከታየች አለቀላት። አንዱ «መርዛም ናት!» ይላል፣ ሌላው ድንጋይ ያነሳል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ «ቀለሟን የምትቀያይረው መርዝ ስላላት ነው» ይሏችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም።

እስስት መርዝ የላትም። አፏን ከፍታ እስስ የምትለው ፈርታ ነው። ቀለሟም የሚለወጠው በብርሃንና በሙቀት፣ ደግሞም ስትፈራ ወይም ስትናደድ ነው። ምግቧ ዝንብና ፌንጣ ነው፤ ረጅም ምላሷን ወርውራ ትይዛቸዋለች። ሁለት ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ፣ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ያያል። መሮጥ ግን አትችልም። የማይሮጥ ነገር መምታት ምን ጀግንነት አለው?

መርዛም እንሽላሊት በዓለም የለም ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብና በሰሜን ሜክሲኮ በረሃ ሂላ ሞንስተር የሚባል አለ። መርዙ ከታችኛው መንጋጋው ይመጣል፣ ከነከሰም ቶሎ አይለቅም። ግን ቀርፋፋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ የሚነከሰውም ሊይዘው የሞከረ ሰው ነው። በእግሩ የሚጓዝ ሰው ራቅ ብሎ ካለፈው ምንም አይሆንም። አሪዞና የሚባለው ግዛት እንዳይገደል በሕግ የከለከለው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው ደግሞ ምራቁ ውስጥ ከተገኘ ነገር ተነስተው የስኳር በሽታ መድኃኒት ሠሩ፤ መድኃኒቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። በድንጋይ ጨርሰውት ቢሆን ኖሮስ? እነሱ መርዛሙን አይገድሉም፣ እኛ መርዝ የሌላትን እንገድላለን!

እኛ መጠንቀቅ ያለብን ከእባብ ነው። እሱንም ቢሆን ካያችሁ ወደ ኋላ መመለስ እንጂ በዱላ መጠጋት አያዋጣም። ሰው ከተነከሰ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። የተነከሰው ሰው ብዙ ሳይንቀሳቀስ፣ ተሸክመውትም ቢሆን ቶሎ ጤና ጣቢያ ይድረስ።

የሳይንስ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ በሰልፍ ሰዓት አምስት ደቂቃ ብቻ ስለ እስስት ይንገሩልን። ሥዕሏን ክበባችን ይሥላል። ችግሩ አረንጓዴ ከለር አልቆብናል፤ ያለው ያውሰን።