መንፈራገጥና መነሣት

«ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» ይባላል። ይህን ተረት ብዙዎቻችን ሳንመረምር ተቀብለነዋል። እኔ ግን የአንድ እንግሊዛዊ እግር ኳስ ተጫዋች ታሪክ በሌላ ዐይን እንድመለከተው ስላደረገኝ፥ አሳቤን ለአንባቢያን ለማቅረብ እወዳለሁ።

ሰውየው ዊልያም ራልፍ ዲን ነው፤ ሕዝቡ ዲክሲ ዲን ይለው ነበር። በ1907 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በርከንሄድ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1925 ከትራንሚር ሮቨርስ ወደ ኤቨርተን ክለብ ተዛወረ። በ1926 በሞተር ብስክሌት አደጋ የራስ ቅሉና መንጋጋው ተሰበረ። ሆኖም ድኖ ተመለሰና በ1927-28 የውድድር ዘመን በ39 የሊግ ጨዋታዎች 60 ጎል አገባ፤ ኤቨርተንም የሊጉ አሸናፊ ሆነ።

ጓደኞቼ ስለ ዲን ሲነሣ የሚከራከሩት በዚህ 60 ጎል ላይ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ «በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ስለ ተሻሻለ ጎል ማግባት ቀሎ ነበር» ይላሉ። ሕጉ መሻሻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተሻሻለው ለሁሉም ነው። በእንግሊዝ ከፍተኛ ዲቪዚዮን ከዚያ ወዲህ በአንድ የውድድር ዘመን 60 ያደረሰ አልተገኘም።

እኔ ግን የዲን ታላቅነት ከ1928 ይልቅ በ1930 ታየ እላለሁ። በዚያ ዓመት ኤቨርተን በሊጉ የመጨረሻ ሆኖ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው ዲን ከክለቡ ጋር ዝቅ አለ። እርግጥ በዚያ ዘመን ተጫዋች ያለ ክለቡ ፈቃድ መዛወር አይችልም ነበር። ቢሆንም በምን ልብ እንደሚጫወት የሚወስነው ራሱ ነው። በሁለተኛው ዲቪዚዮን በ37 ጨዋታዎች 39 ጎል አገባ፤ ኤቨርተንም አንደኛ ሆኖ ወጣ። በ1932 ክለቡ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በ1933 በዌምብሌይ ማንቸስተር ሲቲን 3 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፕን ሲቀበል፥ የቡድኑ አምበል ዲን ነበር፤ አንዱንም ጎል ያገባው እርሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ባለፈው ዓመት ፈተና ወድቄ ክፍል ደግሜአለሁ። ከታናናሾቼ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ስላሳፈረኝ፥ አባቴ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲያዛውረኝ ለመንሁት። እርሱም «የጠፋ ዕቃ የሚፈለገው ከጠፋበት ቦታ ነው» ብሎ እንቢ አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በአስተማሪዎቼ ላይ አሳበብሁ፤ ከጓደኞቼም ተጣላሁ። ተረቱ የሚለው መላላጥ ይህ ነበር። በኋላ ግን የከበደኝን ሒሳብ ከሥሩ ጀመርሁት። ዛሬም ከክፍሌ አንደኛ አይደለሁም፤ ነገር ግን ደብተሬን ለአባቴ ሳሳይ አላፍርም።

ስለዚህ ተረቱ ሐሰት ነው አልልም። መንፈራገጥና መነሣት ግን ልዩ ልዩ ናቸው። የሚንፈራገጥ ሰው የጣለውን ይራገማል፤ የሚነሣ ሰው የወደቀበትን ቦታ ያውቅና ከዚያው ይጀምራል።

ውድ ወላጆች ሆይ፥ የዓመቱ ውጤት ሲሰጥ ልጃችሁ ወድቆ ቢመጣ፥ ከቍጣ በፊት የአባቴን ቃል አስቡልኝ። እናንተም ጓደኞቼ፥ በሚደግመው ልጅ አትሣቁ፤ በአጠገባችሁ ቦታ ስጡት። ዲን በ1980 በ73 ዓመቱ ያረፈው በኤቨርተን ሜዳ በጉዲሰን ፓርክ፥ የቀድሞ ክለቡ ከሊቨርፑል ጋር ሲጫወት ለማየት ሄዶ ነው። አብሮት ከወረደው፥ አብሮትም ከወጣው ክለብ ልቡ እንዳልራቀ ከዚህ ይታወቃል።