የጋራ መጋዘን ያጣው ኮንቴይነር

አዲሱ ገበያ ላይ «ኮንቴይነር» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ሱቅ የተከፈተበት የብረት ሣጥን ነው። የሶፍትዌር ሰዎች ኮንቴይነር ግን አንድ ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት አጋዥ ፋይሎች ሁሉ ጋር የታሸገበት ጥቅል ነው። የአሜሪካው ዶከር በ2005 ዓ.ም. ብቅ ካለ ወዲህ በእጅጉ ተስፋፍቷል።

ችግሩ ጥቅሉ በአብዛኛው የሚወርደው ከውጭ መጋዘን መሆኑ ነው። ዶከር በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሳይመዘገቡ ለሚያወርዱ ገደብ አወጣ፤ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በ6 ሰዓት ውስጥ 100 ጊዜ ብቻ። አንዱን አድራሻ ብዙ ደንበኞች በሚጋሩበት መሥመር ጎረቤት ኮታውን ጨርሶ ይጠብቃል። ከፍሎ መገላገል ይቻላል፤ ክፍያው ግን በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚከብድ ለነጋዴ አይነገርም።

እድር ድንኳንና ድስት ለየቤቱ አይገዛም። ባለሙያዎቹስ ጥቅሉን በጋራ የሚገነቡበት፣ የሚፈትሹበትና ከአገር ውስጥ መጋዘን የሚያከፋፍሉበትን መሥመር ለምን አያቅዱም? እንደ ሀርበር ያለው የመጋዘን ሶፍትዌር እንደሆነ በነፃ ይገኛል።

ከባዱ ነገር ዕቃ ያዡ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሎግ ፎር ጄ በተባለው አጋዥ ፋይል ላይ ቀዳዳ ሲገኝ፣ የዓለም ድርጅቶች ፋይሉ የት የት እንደተሸጎጠ ሲያስሱ ከርመዋል። የጋራ መጋዘን መዝገብ ካለው አንዱ የደፈነው ቀዳዳ ለሁሉም ይደርሳል፤ ጠባቂ ከሌለው ደግሞ አንዱ ብልሽት ለሁሉም ይታደላል። ስለዚህ አባላቱ በብር ያዋጡ፤ ከሰርቨር ግዥ በፊትም ለጠባቂው ደመወዝ ይቁረጡ።