እናትም ተቀምጣ ትስተናገድ

የቤታችሁ እመቤት ሌላ ሰው ሠርቶ ያቀረበላትን ምግብ ተረጋግታ ተቀምጣ ከበላች ስንት ጊዜ ይሆናታል? ሠርጉንና ተዝካሩን ተዉት፤ እዚያም ቢሆን ሴቶቻችን ከጓዳ አይወጡም። እኔ የዚህን ጥያቄ ክብደት የተረዳሁት በቅርቡ፣ በአንድ ቅዳሜ ምሽት ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በመካኒሳ በኩል፣ የኢጣሊያን ምግብ የሚዘጋጅበት አንድ ትንሽ ቤት አለ። ጠረጴዛዎቹ ከስምንት አይበልጡም፤ የስጎው ሽታ ግን ከደጅ ይቀበላል። እናቴን ወደዚያ ስወስዳት መንገዱን ሙሉ፣ «ቤት ውስጥ ፓስታ ሞልቶ ገንዘብ ለምን ታባክኛለሽ?» እያለች ታጉረመርም ነበር።

እርግጥ ፓስታ ለጓዳችን እንግዳ አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ከያዘበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አንሥቶ ያደረሰብን ግፍ፣ ይልቁንም የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት፣ የማይረሳ ነው። በ1933 ዓ.ም. ነፃነታችን ከተመለሰ በኋላ ግን ከኢጣሊያኖቹ መካከል በአገራችን ቀርተው፣ ጋራዥና ምግብ ቤት ከፍተው፣ ትዳር መሥርተው የኖሩ ነበሩ። ፎርኖ፣ ስጎ፣ ላዛኛ፣ ማኪያቶ የሚሉት ቃላትም የእኛው ሆነው ቀሩ። እናቶቻችን ደግሞ ስጎውን በበርበሬ አቁላልተው፣ ፓስታውን በእንጀራ አቅርበው፣ በተማሪ ምሳ ዕቃ ጨምረው የራሳቸው ባልትና አደረጉት።

እናቴም እንዲሁ ዕድሜዋን ሙሉ ፓስታ ስትቀቅል ኖራለች። ሌላ ሰው የቀቀለላትን ስትቀምስ ግን ያ ምሽት የመጀመሪያዋ ነበር።

ሁለት ጊዜ እንደጎረሰች፣ «ይኼማ አልበሰለም» አለች። ኢጣሊያኖች ፓስታን ጥርስ ላይ ጠንከር እንዳለ ማውጣት ልማዳቸው ነው። አስተናጋጇን ብንነግራት ወስዳ ትንሽ አስጨምራ አመጣችልን። ምግቡ ሲያልቅ እናቴ ሳህኖቹን ደራርባ ይዛ ተነሣች። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ፣ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ይህ የእኛ ሥራ ነው» ብላ ተቀበለቻት። እናቴ ተቀመጠች፤ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ግን ጠፋት። ያን ጊዜ አፈርኩ። ያፈርኩት በእርሷ አልነበረም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ስታበላኝ ኖራ አንድም ቀን «ተቀመጪ» ብያት ባለማወቄ ነው።

እንግዲህ ለእናታችሁ ወይም ለባለቤታችሁ ይህን ለማድረግ ካሰባችሁ ጥቂት ነገሮችን ልብ በሉ። በመጀመሪያ፣ ዋጋውን ሳትጠይቁ አትዘዙ፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱንም አረጋግጡ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ምግብ ማዘዝም ግዴታ አይደለም። አንድ ፒዛና አንድ ላዛኛ መሐል ላይ አድርጎ መቋደስ ከማዕዳችን ልማድ ጋር ይስማማል፤ ኪስንም አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ ቀኑ ጾም ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ደረቁ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ ከዱረም ስንዴ ዱቄትና ከውኃ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ እዚያው በእጅ የሚዳመጠው ግን ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት። ስጎውም ቅቤ እንዳይገባበት፣ ፒዛውም ያለ አይብ እንዲሠራ ማሳሰብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሹካ መጠቅለል አልችልም ብላ የምትሳቀቅ ካለች ማንኪያ ይምጣላት። ለመመገብ እንጂ ለፈተና አልተቀመጠችም።

አቅሙ ለውጭ ምግብ የማይፈቅድ ቤተሰብም ቢሆን ምክንያት የለውም። ግማሽ ኪሎ ፓስታ በአምስት ሊትር የፈላ ውኃ፣ ጨው ጨምሮ መቀቀል ለአባወራም ሆነ ለልጆች አያቅትም። ዋናው ቁም ነገር ያን ዕለት እመቤቲቱ ከጓዳ ወጥታ እንድትቀመጥ፣ ከሁሉም በፊት ለእርሷ እንዲቀርብላት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ውጭ የሚበላ ባልም ከአራቱ ቅዳሜ አንዷን ለሚስቱ ቢያደርግ ምን ይጎድልበታል?

እናቴ በታክሲ ስንመለስ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ስጎአቸው በርበሬ ያንሰዋል እንጂ ደኅና ነው» አለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሌላ ጊዜ ደግሞ እኅትሽንም እንውሰዳት፤ እርሷም እኮ ቁጭ ብላ አትበላም» አለችኝ።

ለመጪው ቅዳሜ እኅቴን ጠርቻታለሁ። እናንተስ ማንን ታስቀምጣላችሁ?